በገዛ አፏ

ገዲሴ ቶሌራ በቀላሉ እሺ የምትል ሴት አይደለችም። ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን የባልትና ሱቋን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከሱቋ በሦስተኛው በር ላይ ወፍጮ ቤት አለ፤ ጎረቤቱ በሙሉ እዚያ ያስፈጫል። እሷ ግን ከአባቷ ግቢ ያመጣችውን ትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ከሱቁ መሃል ገትራ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ዝንጅብሉንም በዘነዘና ትወቅጣለች። «ማሽን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይመርራል» ትላለች። እውነት ይሁን አይሁን ማንም አላጣራም፤ በርበሬዋ ግን እስከ ብስራተ ገብርኤል ድረስ ይፈለጋል። አንድ ሰው ቆሞ «ለምን ትለፊያለሽ?» ካላት ዘነዘናዋን ሳታቆም «አንተን አስለፋሁህ?» ትለዋለች። ጠያቂውም በርበሬውን ገዝቶ ይሄዳል።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ የስፔን ቋንቋ ካልተማርኩ ብላ የተነሳችው። ሰፈሩ ሳቀ። አንዱ «ለበርበሬው ነው?» አለ። ሌላው «ውጭ ልትልክ ነው» አለ። እሷ ለማንም አላብራራችም። ነገሩን ለማወቅ የሚፈልግ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ ፉሪ ገና ጤፍ የሚታጨድበት፣ ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር በወሬ እንኳ ያልደረሰበት ጊዜ ድረስ።

ያኔ ገዲሴ ሃያዎቹን ያልጨረሰች ወጣት ነበረች። ባሏ በመኪና አደጋ ሞቶባት፣ ሦስት ዓመት የሆናትን ልጇን ሌንሳን ይዛ አባቷ ግቢ ተመልሳ ነበር። በላዩ ላይ ሳንባዋን ታመመች። የምትነሳ አልመሰለችም። ታላቅ ወንድሟ ኮርሳ ነው ልጆችን ውጭ አገር ስለሚያስተምር አንድ ድርጅት የሰማው። «ልጅ ወስደው ያስተምራሉ፤ ስታድግ ትመጣለች» አላት። ኮርሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ የነገሩትን አምኖ ነው የነገራት። እሷም የምትሞት መስሏት ስለነበር አመነች።

አንድ ቀን ጲላር የምትባል የስፔን ሴት ልጅቷን ልትወስድ መጣች። ኮርሳና የድርጅቱ ሰዎች ገዲሴን ደግፈው አንድ ቢሮ ውስጥ ከፊቷ አስቀመጧት። በመሃላቸው ድርጅቱ ያመጣው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አስተርጓሚ ተቀመጠ። ገዲሴም ተናገረች። ጉልበት አልነበራትም፤ ቢሆንም ሌሊቱን ሁሉ ስታዘጋጀው ያደረችውን አንድም አላስቀረችም። ልጄ ስትተኛ ጆሮዬን ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጆሮሽን ስጫት። እንቁላል ያሳክካታል። ከዳንኩ ልጄን እፈልጋለሁ። ካልዳንኩም አያቷ አሉ። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት ክረምት እያመጣሽ አሳዪኝ። አደራ። ይህን ሁሉ ብላ ስትጨርስ ነጭ ሸሚዙ ወደ ጲላር ዞሮ አንዲት ቁራጭ ነገር አላት። ለመተንፈስ እንኳ አልበቃችም። ጲላር ፈገግ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ገዲሴ ያኔውኑ ገባት። ቃሉ ሳይሆን ማጠሩ። ያን ሁሉ ነገሬን በዚያች ቁራጭ ውስጥ እንዴት ከተተው? ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሳል ያዛት፤ ስትጨርስ ሰዎቹ ተነስተው ነበር።

አልሞተችም። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ውጣ ዳነች። የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ በየቀኑ አጥሩ ስር ቆማ መንገዱን ስታይ ዋለች፤ ኮርሳ ዝናብ ይመታሻል እያለ ይጎትታት ነበር። ሁለተኛው ክረምትም መጣ። ሦስተኛው ላይ ወደ ድርጅቱ ብትሄድ ቢሮው ተዘግቶ ቤቱ የዕቃ መጋዘን ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ነው ሙቀጫውን ይዛ ወደ ሀይሌ ጋርመንት የወጣችው። ሌላ ባል አላገባችም፤ ሌላ ልጅም አልወለደችም። ሰው ሲጠይቃት «አንድ ልጅ አለችኝ፤ ትምህርት ላይ ናት» ትል ነበር። አንዳንዱ ያዝንላታል፣ አንዳንዱ ከጀርባዋ ይስቃል። መልሷን ግን አንድ ቀንም አልቀየረችም።

አምና ጥር ላይ በኃይሉ የሚባል ሰው ሱቋ መጣ። የበኃይሉ ሥራ ይህ ነው፦ ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ወላጆቻቸውን እንዲፈልግላቸው ይጠይቁታል፣ እሱም ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ያገኛል፤ ስፓኒሽም ጣሊያንኛም ያቀላጥፋል። ስልኩን ከፍቶ የአንዲት ወጣት ፎቶ አሳያት። ገዲሴ ግንባሩን አየች፤ የራሷ ግንባር ነበር። መቀመጫ አጥታ ሙቀጫው አፍ ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ በቪዲዮ አገናኛቸው። ሌንሳ ከወዲያ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ገዲሴ ከወዲህ ያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመውን ተናገረች። በኃይሉም ስልኩን ወደ ራሱ አዙሮ ተረጎመ። አጭር ነበር።

«ምን አልካት?» አለችው።

«ያልሽውን ነዋ፣ እናት። ናፍቀሽኛል ትላለች አልኳት።»

«እኔ ናፍቀሽኛል ብቻ ነው ያልኩት?»

«ኔትወርኩ ሊቋረጥ ይችላል፤ ዋናውን ነገር ነው የሚነገረው።»

ገዲሴ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ለልጇ እጇን አውለበለበችላትና ዘጋችው። «በላት» አለችው፣ «ክረምት ስትመጣ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ካሁን በኋላ በእኔና በልጄ መሃል የሌላ ሰው አፍ አይገባም።»

በኃይሉ ሳቀ። በተንኮል አይደለም፤ ብዙ እናቶች አይቷል። «እናት፣ ይህ እኮ ቋንቋ ነው፤ በርበሬ አይደለም።»

«በርበሬስ ቀላል ነው ያለህ ማን ነው?» አለችው።

ከገዲሴ ደንበኞች አንዷ እትዬ ተሾመች ናቸው፤ ሚጥሚጣ ካልሆነ አይገዙም። አባታቸው በሶማሌው ጦርነት ሲሞቱ፣ እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር ተልከው ኩባ ደሴት ላይ ነው ያደጉት። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ብርቱካን ለቀማ። አሁን አስጎብኚ መሆን ለሚፈልጉ ወጣቶች ስፓኒሽ ያስተምራሉ። ገዲሴ ይህን ታውቅ ነበር፤ ሚጥሚጣው እስኪመዘን ድረስ ሴትየዋ ስለ ደሴቱ ሳያወሩ ቀርተው አያውቁም።

«እትዬ ተሾመች፣ ያችን ቋንቋ ያስተምሩኝ» አለቻቸው።

እትዬ ተሾመች ምክንያቱን ጠየቁ። ገዲሴ ነገረቻቸው። ሴትየዋ ሻርፓቸውን አውልቀው ከበርበሬው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «እኔም ስሄድ እናቴ ምን እንዳለች አላውቅም» አሉ። «ያለችውን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። በይ ነይ፣ ከዛሬ እንጀምር።»

መጀመሪያው አስቂኝ ነበር። ገዲሴ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረችው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው፤ ስለዚህ የላቲን ፊደል አያስፈራትም። ጣጣውም ከዚያ መጣ። በቁቤ ያቺ ግማሽ ክብ የምትመስለው ፊደል «ጭ» ናት። እትዬ ተሾመች ካርቶን ላይ «ቤት» የሚለውን ቃል በስፓኒሽ ጽፈው «ካሳ» እንድትላቸው ቢጠብቁ፣ ገዲሴ በሙሉ ልብ «ጫሳ» አለች። «ግራሲያስ» የሚለውን ደግሞ «ግራጪያስ»። ሴትየዋ ሲስቁ በርበሬው ገባባቸው፤ ሲያስነጥሱ ቆዩ። ገዲሴ አልሳቀችም። «እኔ ያየሁትን ነው ያነበብኩት። ጥፋቱ የሷ ነው» አለች፣ ወደ ፊደሏ እየጠቆመች።

እትዬ ተሾመች ላቲኑን ትተው ወደ ሀ ሁ ዞሩ። «የእኛ ፊደል እኮ ተከፍሎ ነው የሚመጣው» አሉ። «ካ፣ ሳ። አለቀ። ሁለት ፊደል፣ ሁለት ክፍል። የሚያስቸግርሽ ሳድሱ ነው። ኤ፣ ስ፣ ፔ፣ ሮ፤ ፊደሉ አራት ነው፣ ክፍሉ ግን ሦስት። ስ ብቻዋን መቆም ስለማትችል ኤ ላይ ትደገፋለች። ኤስ፣ ፔ፣ ሮ። እጠብቃለሁ ማለት ነው።» ሲሳሳቱባቸው ተማሪዎቻቸውን የሚሉት አንድ ነገር አላቸው፤ «ኦትራ ቤስ»፣ አንዴ ደግሞ። በዚያ ሰሞን ገዲሴ ይህን ቃል በእንቅልፏም ሳትሰማው አልቀረችም።

ቃሉን መክፈል ቻለችበት። ያቃታት ክብደቱ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም ያደገ አፍ ክፍሎቹን እኩል አድርጎ ይደረድራቸዋል። «ጠፍጣፋ ነው የምትዪው» ይሏታል። «የስፔን ቃል አንድ ቦታ ላይ ይከብዳል። ያን ቦታ ከሳትሽው ሰሚው ቃሉን ያጣዋል።» ገዲሴ በቁቤ ልማዷ ድምፁን ማስረዘም ጀመረች። «ካአሳ»። አይደለም፣ አሏት፤ ማስረዘም ሳይሆን መምታት ነው። «እንዴት ነው የሚመታው?» አለች። እሳቸውም እንዴት እንደሚያስረዱ ጨነቃቸው፤ ልጅ ሆነው የለመዱትን ነገር ማን ያስረዳል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ገዲሴ ለሠርግ የታዘዘ ድልዝ ነበረባትና ትምህርቱን ይቅር አለቻቸው። እትዬ ተሾመች «እንዲያውም ላግዝሽ» ብለው ሁለተኛውን ዘነዘና አነሱ። ሁለት ሰው አንድ ሙቀጫ ላይ ተቀባብሎ ሲወቅጥ ከባዱ ዘነዘና ለጉልበተኛው ነው፤ ቀላሉ ለሌላው። ተራውን የሳተ ካለ ዘነዘናዎቹ ይላተማሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱም ግድግዳ ላይ ይፈናጠራል። ገዲሴ ከባዱን ያዘች። ጥቂት እንደወቀጡ እትዬ ተሾመች ቀጥ ብለው ቆሙ። «ገዲሴ» አሉ፣ «ይኸው እኮ ነው። እኔ ቀላሎቹን፣ አንቺ ከባዱን። ተራሽን ጠብቂ።»

ቀላሉን ዘነዘና ጣል አድርገው «ኤስ» አሉ። ከባዱ ወረደ፣ «ፔ»። ቀላሉ፣ «ሮ»። ደገሙት። ሙቀጫው ራሱ የሚናገር መሰለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስፓኒሽ የሚባለው ነገር በዚያ ሱቅ ውስጥ ያለ ሙቀጫ ተነግሮ አያውቅም። በበሩ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያይ ነበር፤ ሁለት ሴቶች በማያውቀው ቋንቋ እየተቀባበሉ ነጭ ሽንኩርት ሲወቅጡ ማየት ያስቆማል። አንድ ጎረምሳ «ጠንቋይ ቤት ሆነ እንዴ?» ቢል ገዲሴ «ግባና እንወቅጥሃለን» አለችው። በዚያ በኩል ማለፍ ተወ።

ሕጉንም አስተማሯት። በአናባቢ ወይም በ«ን» ወይም በ«ስ» የሚያልቅ ቃል ከመጨረሻው ቀደም ባለው ክፍል ላይ ይከብዳል፤ በሌላ ፊደል የሚያልቅ ደግሞ መጨረሻው ላይ። ከዚህ የወጣ ቃል ጭረት ይደረግበታል።

«ከሕጉ ስለወጣ ይቀጣል ማለት ነው?» አለች ገዲሴ።

«አይቀጣም። ምልክቱን አናቱ ላይ አድርጎ እንደልቡ ይሄዳል።»

ገዲሴ እነዚህን ቃላት ወደደቻቸው። ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ይያዙላት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እየዘለለች ታልፋለች፤ የልጇን ስም። ጲላር ሌንሳን «ሉሲያ» ብላታለች። እኔ ስም አውጥቼላት ማን ፈቅዶ ቀየረው እያለች ስሙን አልጠራም ብላ ነበር። እትዬ ተሾመች ግን አንድ ቀን በግድ ካርቶኑ ላይ ጻፉት። «ተመልከቺ። ሁለት አናባቢዎች እንዲህ ጎን ለጎን ሲሆኑ ደካማዋ ትዋጥና አንድ ክፍል ይሆናሉ። እዚህ ጋ ግን ደካማዋ ላይ ጭረት አለ። አልዋጥም፣ ለብቻዬ እቆማለሁ ማለቷ ነው። ሉ፣ ሲ፣ ያ።»

ገዲሴ ካርቶኑን አንስታ አየችው። ከባዱን ዘነዘና መሃሉ ላይ እያሳረፈች ሦስት አራቴ ወቀጠችው። «ይሁን እንግዲህ» አለች። «የምትወርሰውን ወርሳለች።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ሽንኩርቱን ሰበብ አደረገች።

የምትናገረውን የመረጠችው እሷ ናት። እትዬ ተሾመች «በጣም እወድሻለሁ» በሚለው እንድትጀምር መክረዋት ነበር። «እሱን ፊቴ ላይ ታየዋለች። ፊቴ የማይናገረውን ስጡኝ» አለች። የፈለገችው ይህ ነው፦ በስጦታ አልሰጠሁሽም። ለትምህርት ላክሁሽ። ጠበቅሁሽ። በስፓኒሽ ሲሆን «ኖ ቴ ሬጋሌ። ቴ ማንዴ አ ኤስቱዲያር። ቴ ኤስፔሬ።» ሁሉም መጨረሻቸው ላይ ይከብዳሉ። ለጲላር ደግሞ አንድ ጥያቄ አዘጋጀች፦ «አኬል ዲያ፣ ኬ ቴ ዲሆ ኤል ኦምብሬ?» ያን ቀን ሰውየው ምን አለሽ? ይህችን ጥያቄ ከሁሉ አብዝታ ወቀጠቻት።

ሰኔ ሲያልቅ በኃይሉ እቅዱን ይዞ መጣ። እንግዶቹ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ሆቴል ያርፋሉ። ገዲሴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ እዚያ ትሄዳለች፤ እልል የሚሉ ሴቶች ይኖራሉ፤ እሱ ያስተረጉማል። «እናት፣ ይህ ነገር ሥርዓት አለው» አላት። «እናት ታለቅሳለች፣ አሳዳጊዋ እግር ላይ ትወድቃለች፣ አሳዳጊዋ ታነሳታለች። ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል።»

«ሥርዓቱን ማን አወጣው?»

በኃይሉ እቅዱን እንደገና ሊዘረዝር ጀመረ።

«ሱቄ ይምጡ» አለች። «የምውልበት እዚህ ነው።»

ኮርሳ ይህን ሲሰማ ከፉሪ ድረስ በእግሩ መጣ። ከዝናቡ ገብቶ ኮፍያውን ሳያወልቅ ጀመረ። «ሰዎቹ አሳደጓት፣ አስተማሯት። አንቺ ተኝተሽ ትሞቺ ነበር። አሁን ምን ልትዪ ነው? እባክሽ አታሳፍሪን። ወድቀሽ አመስግኚ።»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ ኮርሳ። ግን የማመሰግነው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ እጠይቃለሁ።»

«አስተርጓሚ አለልሽ አይደል? ምን ብለሽ ነው አፍሽን የምታደክሚው?»

«ያኔም አስተርጓሚ ነበረልኝ» አለችው። «አንተ አጠገቤ ነበርክ። ማጠሩን አልሰማህም?»

ኮርሳ ኮፍያውን አወለቀ። ሰምቶ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሁለቱም ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ አሁንም አልተነጋገሩም። ሲወጣ ግን ከደጃፉ ያለውን የጭቃ ውሃ በአካፋ ሲያፋስስላት ቆየ።

ሐምሌ ላይ መጡ። መኪናው ጭቃውን ፈርቶ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሌንሳ ጫማዋን ሳታስብ በውሃው መሃል ተራመደች። ረጅም ሆናለች። በሩ ላይ ስትደርስ ገዲሴ የተዘጋጀችበት ሁሉ ጠፋትና ዝም ብላ አቀፈቻት። ምን ያህል እንደቆዩ የቆጠረ የለም። ከኋላ ጲላር ገባች፤ ፀጉሯ ነጭቷል። ከእሷ ኋላ በኃይሉ። ሱቁ ውስጥ ያን ጠዋት የተደለዘ በርበሬ ስለነበር ሁሉም ማልቀስ ጀመሩ፤ ማን ለምን እንደሚያለቅስ መለየት አይቻልም ነበር።

ገዲሴ ሙቀጫው አጠገብ ቆመች። አፏን ከፈተች። ምንም የለም። ከጥር እስከ ሐምሌ የወቀጠችው ቃል አንድም አልመጣም። ሌንሳ ትጠብቃለች። በኃይሉ ዝምታውን አልቻለውም፤ ልማዱ ነው፤ ወደ ልጅቷ ዞሮ በፍጥነት መናገር ጀመረ። ከመሃሉ ገዲሴ አንድ የምታውቀውን ቃል ሰማች። ግራሲያስ። ያላለችውን ምስጋና ደግሞ ሊሰጥላት ነው።

ከባዱን ዘነዘና አንስታ ባዶው ሙቀጫ ላይ ጣለችው። ቤቱ ነጎደ። በኃይሉ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ዝም በል» አለችው። «የእኔ ተራ ነው።»

ዘነዘናውን እጇ ሲያውቀው አፏም አወቀ። «ሉሲያ» አለች፣ መሃሉ ላይ አክብዳ። «ኖ ቴ ሬጋሌ።» ቀላል፣ ቀላል፣ ከባድ። «ቴ ማንዴ አ ኤስቱዲያር።» ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ገዲሴ ዘነዘናውን ከፍ አድርጋ መጨረሻው ላይ በሙሉ ክብደቱ አወረደችው። «ቴ ኤስፔሬ።»

ሌንሳ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች። የሆነ ነገር አለች፤ ገዲሴ ያልተማረችው ነበርና ወደ በኃይሉ አየች። «እንደ ኩባ ሰው ነው የምትናገሪው ትላለች» አለ እሱ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ከዚያ ነው የመጣልኝ» አለች ገዲሴ።

ከዚያ ወደ ጲላር ዞረች። እንዲህ ስትዞር ያያት የምትጣላ ይመስለዋል፤ ግማሹ እውነት ነው። «አኬል ዲያ፣ ኬ ቴ ዲሆ ኤል ኦምብሬ?»

ጲላር ወደ በኃይሉ አየች፣ በኃይሉ መሬት አየ። መልሱን ለማግኘት ብዙ አላሰበችም፤ ያን ቀን የተነገራት ነገር ለመርሳት አይበቃም ነበር። «አግራዴሲዳ» አለች። «ናዳ ማስ።»

ሁለተኛውን ገዲሴ ታውቃለች፤ ሌላ ምንም ማለት ነው። የመጀመሪያውን አታውቀውም። በጣቷ ሙቀጫው ጠርዝ ላይ ከፈለችው። አ፣ ግራ፣ ዴ፣ ሲ፣ ዳ። ከመሃሉ ያ ግራሲያስ ብቅ አለ። አመስጋኝ ናት። የጆሮዋን ነገር፣ የእንቁላሉን፣ የክረምቱን፣ የአደራውን፣ ሳንባዋን እየቀደደ የወጣውን ሁሉ ሰውየው ያደረገው ይህን ነው። አመስጋኝ ናት፤ ሌላ ምንም።

«ኖ» አለች። አንድ ክፍል ብቻ ነው። ጭረትም አያስፈልገውም።

«ዮ ዲሄ፦ ትራኤላ። ካዳ ቬራኖ።» እኔ ያልኩት፦ አምጫት ነው። በየክረምቱ።

ለጆሮው ስፓኒሽ አልነበራትም። ዘነዘናውን አስደግፋ ራሷን በአንድ መዳፏ ላይ አስተኛች፣ በሌላው እጇ የገዛ ጆሮዋን ያዘች፤ ወደ ሌንሳም ጠቆመች። ጲላር ይህን ስታይ ግድግዳውን ተደገፈች። ብዙ ነገር ተናገረች፣ እየተቆራረጠች። በኃይሉ ፈቃድ ሲጠብቅ ገዲሴ አየችው።

«አሁን ተናገር» አለችው። «የሷን ያህል አስረዝመህ።»

በኃይሉም አስረዘመ። ልጅቷ ሌሊት ሌሊት እጇን ወደ ጲላር ፊት ትሰድ ነበር። ጲላር ጆሮዋን ስትያዝ ያማታል፤ የልጅቷን እጅ እያነሳች ትመልስባት ነበር። ለወራት እንቅልፍ አጥታ ስታለቅስ ሐኪም ቤት ወስዳታለች፤ ሐኪሞቹም ምክንያቱን አላገኙም። «ደግሞ አንቺ ብዙ እንደተናገርሽ አይቻለሁ ትላለች» አለ በኃይሉ፣ ድምፁ ተለውጦ። «እሱ ያለኝ አጭር እንደሆነም አይቻለሁ። አልጠየቅሁም ትላለች።»

ሌንሳ ቀላሉን ዘነዘና ከግድግዳው አንስታ ከገዲሴ ማዶ፣ ሙቀጫው ጎን ቆመች። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት የሆነ ነገር መያዝ ፈልጋ ይሆናል።

ጲላር ወደ በኃይሉ ጠጋ ብላ አንድ ቃል በአማርኛ እንዴት እንደሚባል ጠየቀችው። እሱ ወደ ገዲሴ ዞሮ አፉን ሲከፍት ገዲሴ እጇን አነሳችበት።

«ይሄን ራሷ ትበለው።»

በኃይሉ ቃሉን በጲላር ጆሮ ነገራት። ሴትየዋ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ለብቻዋ ሞከረችው፤ ከዚያ ቀና ብላ «ዪካርታ» አለች፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አፍርሳ።

ገዲሴ ከባዱን ዘነዘና ቀስ አድርጋ አነሳች። በእኛ አገር ቃል አንዱ ክፍል ከአንዱ አይከብድም። ሦስት ጊዜ፣ እኩል እኩል አወረደችው። ይ። ቅር። ታ። ከዚያ የጲላርን ዓይን እያየች ጠበቀቻት።

«ኦትራ ቤስ» አለቻት።